ቢጫዋ ታክሲ እንቢ ያለችበት ጠዋት

(ጋሽ ደምሴ የካርቱም የድሮ ታክሲ ነጂ ናቸው። ቡሪ ሰፈር፣ ግቢያቸው ውስጥ ተቀምጠው እንዳጫወቱን እንዲሁ ተጻፈ።)

በእኛ ጊዜ መኪና ሲያምፅ ኮፈኑን ከፍተህ ታናግረዋለህ እንጂ እንደ አሁኑ ኮምፒውተር ሰክተህ «ምን ሆነሃል» ብለህ አትጠይቀውም። እጅህ ነው ኮምፒውተሩ። አፍንጫህ ነው። ይቺን እዚያ ጥግ የምታዩዋትን ቢጫ ታክሲ እሜቴ ነው የምላት፤ እንግሊዝ የሠራት ናት፣ ከእኔ በፊት ስንቱ ሱዳኒ ያረጀባት፣ ሱቅ ዐረቢ ገበያን ስንት ዘመን የዞረች ናት። ኮምፒውተር የሚባል ነገር አታውቅም። ሽቦ ነው ያላት። ከባትሪ ተነሥቶ እሳት የሚያደርስ ሽቦ። ታዲያ ያ ሽቦ አንድ ቦታ ላይ ከከዳህ አለቀ፣ ቆመህ ቀረህ።

የጦርነቱ ሰሞን ነው፣ ሚያዝያ። ሂሩት፣ ይቺ አሁን ከጎናችሁ የተቀመጠችው፣ የእህቴ የዘውዴ ልጅ፣ ያኔ ሪያድ የሚባለው የካርቱም ሰፈር አንድ ትልቅ ቪላ ውስጥ ነበር የምትሠራው፤ አዳሪ ነበረች። ተኩሱ ሲብስ ማዳሟና ባሏ ጓዛቸውን ጭነው ሄዱ። እሷንስ? ግቢውን ከውጭ በሰንሰለት ቆለፉና «ለአንቺው ደኅንነት ነው፣ ነገ መኪና እንልክልሻለን» አሏት። ያ ነገ የተባለው ቀን እስከ ዛሬ አልመጣም።

እንግዲህ ልጅቱ ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ውሃ አለቀባት። በአጥር ልዝለል ብላ ወጣችና ወደቀች። ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ። እና ያን ዕለት ጠዋት በማለዳ ደወለች፤ ስልኳን አጥፍታ አጥፍታ ያቆየቻት የመጨረሻ ቻርጅ ናት። «አጎቴ፣ ውሃ የለም፣ በእግሬም መርገጥ አቃተኝ» አለችኝ፤ ከዚያ ድምጿ ጠፋ። መልሼ ብደውል ዝም። መልሼ ብደውል ዝም።

ከቡሪ ሪያድ ሩቅ አይደለም፣ ጤነኛ ሰው በእግሩ ይሄደዋል። እግሯ የተሰበረ ልጅ ተሸክመህ በኬላ መሃል ማለፍ ግን ሌላ ነው፤ ዓይናችሁ እያየ ይወስዷታል። መኪና ያስፈልጋል። መኪና ደግሞ በሰፈሩ የለም፤ ደህና ደህናውን ታጣቂዎቹ ወስደውታል። እሜቴን ግን ማን ይወስዳታል? አንዱ መጥቶ አየት አደረጋት፣ ሳቀና ሄደ። እኔም ከእሱ ጋር ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

ያን ዕለት ሁድና ነው ተባለ፣ ተኩስ ማቆም ማለት ነው። እስከ መቼ? እስከ ዱሁር አዛን። ቀትር ላይ መስጊዱ ሲጣራ ሁድናው አለቀ፣ ጥይቱ ይጀምራል። ታዲያ ከዚያ በፊት ሄዶ መመለስ ነው።

ጎረቤቴን ኡስማንን ጠራሁት። ኡስማንም የታክሲ ሰው ነው፣ እንደኔ ያረጀ፣ ግትር፤ ግን ልቡ ሰፊ። «ያላ ያ ኡስማን፣ ሂሩትን ልናመጣ ነው» አልኩት። «ያላ» አለ፣ እንሂድ ማለቱ ነው። ጀሪካን ውስጥ ከቀረችን ቤንዚን ጥቂት አስቀርተን ጨመርን፣ ዘውዴ ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ቆመች፣ የኡስማን ሚስት ሀጃም ከቤቷ ወጥታ አጠገቧ ቆመች፣ እኔ ቁልፉን አዞርኩ።

ምንም የለም። ባትሪዋ ስለደከመች የማስነሻው ሞተሪኖ እህ እህ ብሎ ተወው።

ባትሪማ ይደክማል፤ መብራት ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው። ለዚህ ደግሞ እሜቴ ማኖቬላ አላት፤ ከፊት ሰክተህ በክንድህ የምትዘውረው ብረት። ኡስማን ማኖቬላውን ይዞ ዘወረ፣ ዘወረ፣ ላቡ ጠብ ጠብ አለ። ምንም የለም። ሞተሩ ይዞራል፣ እሳት ግን አይይዝም።

«ቁልፉ ነው» አለኝ ኡስማን።

«ቁልፉ አይደለም።»

«እኔ ነኝ የምነግርህ፣ ከቁልፉ የሚወጣው ሽቦ ነው። የኔዋም ታክሲ እንዲሁ ነበረች።»

«ያንተዋ ታክሲ ሳር ስለበቀለባት ነው የቆመችው።»

ተናደደ። እኔ ግን አፌ ነው የሚቀልደው፣ ልቤ ሪያድ ነው። ለማንኛውም ይሁንለት ብዬ አንድ ሽቦ ከባትሪው በቀጥታ እሳቱን ወደሚያጠነክረው ኮይል ወሰድኩ፣ ቁልፉን ዘለልኩት ማለት ነው። አዙር አልኩት። ምንም። «ይኸው» አልኩት። «ቁልፉ አይደለም።»

ታዲያ ስሙኝ፣ እሳት የሚጠፋው እንደ ሰው ነው፤ የት ላይ እንደተለየህ ወደ ኋላ እየሄድክ ትጠይቃለህ። ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን አንዱን ካንዴላ ፈታሁና የሞተሩ ብረት ላይ አስደግፌ «አዙር» አልኩት። አየሁ፤ የሚፈነጥቅ ነገር የለም። ከኮይሉ የሚመጣውን ወፍራሙን ገመድ ደግሞ ከክዳኑ ነቅዬ ብረቱ አጠገብ አስጠጋሁና «አዙር» አልኩት። ጣ፣ ጣ፣ ጣ። ሰማያዊ እሳት፣ ደህና እሳት። እንግዲህ እሳቱ ከኮይሉ በደህና ይወጣል፣ ካንዴላው ጋ ግን አይደርስም። መሃል ላይ ምን አለ? ክዳኑ። ይኼ እሳቱን ተቀብሎ ለአራቱ ካንዴላ የሚያከፋፍለው ክብ ጥቁር ክዳን አለ አይደል? እሱን ከፈትኩ።

ውሃ።

ውስጡ ጤዛ የወረደበት ይመስል ውሃ አንጠልጥሏል። ውሃ ካለ ደግሞ እሳቱ ወደ ካንዴላው መሄዱን ትቶ በውሃው ላይ ይንሸራተትና ይበተናል። በሚያዝያ ካርቱም ውስጥ ጤዛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከንፈር የሚሰነጠቅበት ወር ነው። ቧንቧውም ከተቋረጠ ቆይቷል፤ ውሃ በአህያ ጋሪ ከአባይ እየመጣ፣ ፊታችንን በእፍኝ የምንታጠብበት ጊዜ ነው። ማን ነው በዚህ ጊዜ ውሃ የሚደፋ?

«ዝናብ ዘንቧል?» አልኩት ኡስማንን።

«አብደሃል?»

በሸሚዜ ጫፍ ጠረግሁት፣ ዘጋሁት። ከዚያ ኮፈኑን እንደተከፈተ ተውነውና ሁለታችንም ወደ መሪው ዞረን፣ የዘለልኩትን ሽቦ ልመልስ አልመልስ ብለን ተጨቃጨቅን። እሱ መልስ ይላል፣ እኔ ይቆይ እላለሁ። ተጨቃጭቀን ስንጨርስ እንዳለ ትተነው አዞርን። ምንም። ክዳኑን ከፈትኩ፤ ውሃ። እንደገና።

አሁን ላብ በጀርባዬ ወረደ። ፀሐይዋ ከአጥሩ በላይ ወጥታለች። ልጅቷ እዚያ ግቢ ውስጥ ተኝታለች፣ ውሃ የላትም፣ እኔ እዚህ ውሃ እጠርጋለሁ። አስቡት እስቲ።

እንደገና ጠረግሁ፣ ዘጋሁ፣ መኪናው ውስጥ ገባሁና ከመሪው ሥር የሆነ ነገር እንደምፈልግ ጎንበስ አልኩ። ኮፈኑ ሲከፈት ከሥሩ ቀጭን ክፍተት አለች፣ ታውቋታላችሁ፣ በመስታወቱ በኩል ታሳያለች። በሷ አጮልቄ አየሁ። የነጠላ ጫፍ መጣ። ከዚያ የላስቲክ ጠርሙስ መጣ። ከዚያ «በስመ አብ ወወልድ» የሚል ሹክሹክታ፣ ከዚያ ውሃው ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ልክ ክዳኑ ላይ፤ በገመዶቹ ሥር ወደ ውስጥ ይሰርጋል።

ወረድኩ።

«ዘውዴ።»

«አቤት ጋሼ።»

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ምን አደርጋለሁ፣ ከመጸለይ በቀር የኔ ሥራ ምን ይሆናል?»

«በእጅሽ ያለው ምንድን ነው?»

«ጸበል ነዋ። ዛሬ ጠዋት ገና ሳትወጣ ነው ኮፈኗን ገልጬ የረጨኋት፣ መንገዱን ያቅናላችሁ ብዬ። እንቢ ስትል ጊዜ ደግሞ ጨመርኩላት። ጋሼ፣ አንድ ነገር ይዟታል ይቺን መኪና፣ እኔ ነኝ የምልህ።»

እንግዲህ ፍረዱ። ልጮህባት አፌን ከፈትኩ።  ልጇ ናት እኮ እዚያ ያለችው። ለዚያች ልጅ ማድረግ የምትችለው ይቺ አንድ ነገር ብቻ ናት፣ እሷኑ ነው የምታደርገው። አፌን ዘጋሁ። ከዚያ ምን አልኳት?

«ዘውዴ፣ ሞተሩ ተጠምቋል፣ በቅቶታል። ሾፌሩ ነው የቀረው። እኔን እርጪኝ።»

«አንተማ በአርባ ቀንህ ተጠምቀሃል።»

«እሱ ርቋል። ጨምሪልኝ።»

ጎንበስ አልኩላት። አናቴ ላይ አፈሰሰችው፣ በአንገቴ ወርዶ ሸሚዜን አራሰው። ደስ ሲል፣ እውነቴን ነው፣ በዚያ ሙቀት። «የቀረውን አስቀምጪው፣ ለልጅሽ እወስድላታለሁ» አልኳት፤ ጠርሙሱን ከድና አቅፋ ያዘችው። ኡስማን ዳር ቆሞ ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል። «ሴቶቻችሁ» አለኝ በዐረብኛ። «ሐበሻ ጸበል ካየ መኪናም ይሁን ግመል ከማጥመቅ አይመለስም።» 

ክዳኑን ጠርጌ የእሜቴ ጣራ ላይ፣ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩት። ያቺ የምንረግማት የካርቱም ፀሐይ ለአንዴ ጠቀመች፤ ወዲያው አደረቀችው። ከክዳኑ ሥር እሳቱን የሚቆራርጠውን ፑንቲናም በብርጭቆ ወረቀት አሸት አደረግሁት። መልሼ ገጠምኩ፣ እጄን ልለቃለቅ ወደ ጓሮ ሄድኩ፣ ኡስማን ሲጋራ ለኮሰ። ተመለስን። አዙር አልኩት።

ኧሁ አለች፣ አንዴ ሳለች፣ እና ጠፋች።

«አዙር።»

ምንም።

ክዳኑን ከፈትኩ። ውሃ። ግን አሁን ጥቁር ውሃ ነው።

«ዘውዴ» አልኩ፤ አሁን ጮህኩ።

«ማርያምን ጋሼ፣ አልነካሁም። ይኸው» ብላ ጠርሙሱን አነሣችው። እንደተከደነ ነው፣ ልክ ባስቀመጥነው ላይ ነው።

ታዲያ ከየት መጣ? ጥቁሩስ? የካንዴላ ጥላሸት ነው ብዬ በጣቴ ነካሁት፤ ይሙለጨለጫል፣ ይጣበቃል። ጥላሸት አይጣበቅም። አሁን እውነት ለመናገር ፈራሁ። ዘውዴ አንድ ነገር ይዟታል ያለችው ትዝ አለኝ፣ አንቺ ብዕር የያዝሽው፣ እሱን አትጻፊው። ኡስማን ሲጋራውን ጣለና መጣ፣ በጣቱ ነካው፣ አሸተተው፣ ወደ ምላሱ አስጠጋው።  ፊቱ ተለዋወጠ። ቀስ ብሎ ወደ በሩ ዞረ።

«ያ ሀጃ» አለ።

ሀጃ በሩ ላይ ናት፣ እጇን ከተጠቀለለችበት ቶብ ሥር ደብቃለች።

«አውጪው።»

የቆርቆሮ ጎድጓዳ ሳህን አወጣች። ማሓያ ነው። ማሓያ ታውቃላችሁ አይደል? ሼኹ የቁርዓን ቃል በቀለም እንጨት ሰሌዳ ላይ ይጽፍና በውሃ ያጥበዋል፤ ያንን እጣቢ ለበሽተኛ ያጠጡታል። ለጉልበቷ ሕመም ያስቀመጠችው ነበር፤ በየቀኑ ፉት እያለች የቆጠበችው። እጄን ልለቃለቅ ስሄድ፣ ኡስማንም ጀርባውን ሲሰጥ፣ እሷ ሄዳ ሞተሩ ላይ አፈሰሰችው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ማሓያ ይጠጣል እንጂ ሞተር ይታጠብበታል?» አላት።

«ሞተሩስ ቢጠጣው?» አለችው።

 እኔም ኡስማንን አየሁት። «ሴቶቻችሁ» አልኩት።

ዘውዴና ሀጃ ተያዩ። አንዷ ጠርሙስ አቅፋ፣ አንዷ ሳህን ይዛ። አንዷ ሌላዋን ሳታያት ነው የሠሩት። ከዚያ ሀጃ መሳቅ ጀመረች፣ ዘውዴም ሳቀች፣ ሳቁ ወዲያው ልቅሶ ሆነና ተቃቀፉ። እኔ ግን የመስጊዱን ማማ ጥላ ነው የማየው። ጥላው ወደ እግሩ ሊሰበሰብ ምንም አልቀረውም።

«ማንም ወደ ሞተሩ እንዳይጠጋ» አልኩ። ሁለቱም እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ቆሙ፣ አንዷ ሌላዋን ትጠብቃለች።

ቀለሙ ሙጫ አለበት፣ በጨርቅ ብቻ አይለቅም። ከጀሪካኑ ቤንዚን በመዳፌ አፍስሼ ክዳኑን አሸሁት፣ ገመዶቹን አንድ በአንድ አሸሁ። መወልወያ ስፈልግ ዘውዴ ነጠላዋን ገፍፋ ሰጠችኝ። «ይቆሽሻል» አልኳት። «ጥረግበት» አለችኝ። ጠረግሁበት። እንደገና ጣራው ላይ፣ ፀሐይ ላይ። ቆመን ጠበቅን፣ አራታችንም። ሩቅ አንድ ጥይት ጮኸ። ዘውዴ ዓይኗን ጨፈነች።

ገጠምኩ። ኮፈኑን ዘጋሁት፣ ቆለፍኩት። ኡስማን ማኖቬላውን ዘወረ።

ተነሣች።

የሞተሩ ድምፅ፣ ልጆች፣ ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም። ኡስማን ማኖቬላውን ይዞ ዘሎ ገባ፣ ዘውዴ ጠርሙሱን በመስኮት ሰጠችኝ፤ በቤንዚን እጄ ተቀብዬ ከወንበሩ ሥር ከጀሪካኑ ጎን ወሸቅሁት፤ ሄድን።

መሃል መንገድ ላይ ኢርቲካዝ አለ፣ ኬላ ማለት ነው። አንድ ልጅ እግር ወታደር ጠመንጃውን ደግኖ ወጣ። «አጥፋው» አለ።

«ልጄ፣ ካጠፋሁት አይነሣም።»

«አጥፋው አልኩህ።»

እጄን ቁልፉ ላይ አደረግሁ። ቁልፉ እኮ ከንቱ ነው፤ በሽቦ ዘልዬዋለሁ፣ ብፈልግም በቁልፍ አልጠፋም። ይህን ለወታደር እንዴት አድርገህ ታስረዳለህ? አዞርኩት፤ ሞተሩ ይሠራል። አያችሁ፣ አሁን ያላገጥኩበት መሰለው። ዞሮ ወደ ፊት መጣ፣ አፈሙዙ መስታወቱ ላይ ነው። እዚያ ቆመ። ወደ ታች አየ። ከኮፈኑ ሥር ጥቁር ውሃ ይንጠባጠባል፤ ሀጃ ያፈሰሰችው፣ ሥር ሥሩን ያልጠረግሁት።

«ይሄ ምንድን ነው? ዘይት ነው?»

«ማሓያ ነው» አለ ኡስማን።

«ሞተር ላይ?»

«ሚስቴ ናት። እንቢ ስትለን ጊዜ አፈሰሰችባት። ምን ላድርጋት?»

ልጁ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካው። አሸተተው። እና ጣቱን ቀስ ብሎ ግንባሩ ላይ አሻሸው፤ እኛን አላየንም። «ሂዱ» አለ። «ከዱሁር በኋላ ግን እኔ እናንተን አላውቅም።»

ሪያድ ደረስን። ኡስማን ነዳጁን እየረገጠ ሞተሩን ይዞ ቀረ፣ እኔ የማኖቬላውን ብረት ሰንሰለቱ ውስጥ ከትቼ ተንጠለጠልኩበት፣ ማያያዣው ተበጠሰ። ሂሩት ከበሩ ሥር ጥላ ላይ ተኝታለች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። «አጎቴ፣ ሰዎቹ መኪና ላኩ?» አለችኝ። «አዎ ልከዋል» አልኳት። ተሸክሜ አስገባኋት፣ ጠርሙሱን ከፍቼ ሰጠኋት። ጠጣች።

ስንመለስ ኢርቲካዙ ጋ ልንደርስ ስንል አዛኑ ተጀመረ። አላሁ አክበር አለ ከዚህ፣ መለሰ ከዚያ። ያ ልጅ መንገዱ ላይ ቆሟል። አየን። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አደረገና ጀርባውን ሰጠን፤ አጥር አጥሩን ማየት ጀመረ። አለፍን። ቡሪ ገብተን የግቢውን በር ስንዘጋ ነው የመጀመሪያው መድፍ የተሰማው።

እና ይኸው እስከ ዛሬ ይጣላሉ። ዘውዴ ጸበሉ ነው ትላለች። ሀጃ ማሓያው ባይኖር ኬላውን አታልፉም ነበር ትላለች። ኡስማን «ክንዴ ነው» ይላል። እኔ ደግሞ ፀሐይዋ ናት እላለሁ፤ ማንም አይሰማኝም። ሁላቸውም ልክ ናቸው እንበል፣ ግን ልጆች፣ ውሃውን ከክዳኑ አርቁት።

እዚህ ላይ ሂሩት ቀና አለች። «አጎቴ፣ እስከ ዛሬ ያልተናገርኩት አንድ ነገር አለ» አለች። «ያ ውሃ ቤንዚን ቤንዚን ይል ነበር።»

«አፍሽን ያዢ፣ ጸበል ነው» አለቻት እናቷ።

«አውቃለሁ እማዬ» አለች ሂሩት። «እየሸተተኝም ጨረስኩት።»